የማስተዋል ሦስት ነጥብ

የቅጥር ኮሚቴው ማስተዋል ይርዳው በቃል ፈተና ያገኘችውን ነጥብ ሐሙስ ዕለት በምሳ ሰዓት በላው። ሁሉንም አልጨረሰውም። የተረፈው በማግስቱ ከውጤቷ ጋር ተለጠፈ።

በሩ አልተዘጋም ነበር። የላቦራቶሪ ናሙና ይዤ በኮሪደሩ ሳልፍ አየኋቸው፤ ሌሎችም አይተዋቸዋል። ሰብሳቢው አቶ ልዑልሰገድ የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቅልለው ወደ ትሪው አጎንብሰዋል። የሰው ሀብት ኃላፊው አቶ ጥጋቡ ከጎናቸው ሆነው ሚጥሚጣ ይነሰንሳሉ። ወይዘሮ ዐይናዲስ በኮሚቴው ውስጥ የተቀመጡት አንዲት ሴት ትኑርበት ስለሚባል ነው፤ እሳቸው ትሪውን በጣታቸው ጫፍ ወደ ወንዶቹ ይገፋሉ።

የጽሑፍ ፈተና ነጥብ ደረቅ ነው። ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ በፖስታ ይታሸጋል፤ ማንም አይጓጓለትም። የቃል ፈተና ነጥብ ግን ከሰው አፍ የሚወጣ ስለሆነ እርጥብ ነው። ተፈታኙ በትክክል በመለሰ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ጠብ ይላል። መጠኑ የዶሮ ጉበት ያህላል፤ መልኩም ወደዚያው ነው። ትኩስ እያለ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። የኮሚቴው ሥራ እሱን ሰብስቦ ትሪ ላይ ማድረግና መመዝገብ ነው። ብሉት የሚል ደንብ የለም፤ አትብሉት የሚልም የለም።

እኔ ስንዱ እባላለሁ። በከተማችን የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ከወጣትነቴ ጀምሮ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሰው አውጥቶ የጣለውን በብልቃጥ ቀድቶ ማየት ነው። ስለዚህ በቀላሉ የሚቀፈኝ ነገር የለም። ያን ቀን ግን ናሙናዬን መስኮት ላይ አስቀምጬ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድኩና ግድግዳውን ይዤ ቆየሁ።

ማስተዋል የጣቢያው ምክትል ኃላፊ ነበረች። መሐንዲስ ናት፤ ቀጭን፣ ንግግሯ አጭር፣ ስትስቅ ድምፅ የማታሰማ። እዚያ ሥራ እንደ ጀመረች በአንዱ ክረምት ጎርፍ መጣና የመግቢያውን ወንፊት በፕላስቲክ፣ በአሮጌ ፍራሽና በሞተ ውሻ ደፈነው። የያኔው ኃላፊ ከቤታቸው ደውለው ጎርፉ እስኪጎድል ጠብቁ አሉ። ጎርፉ እስኪጎድል ቢጠበቅ ፍሳሹ ተመልሶ በታች ሰፈር ቤቶች ውስጥ ይገባ ነበር። ማስተዋል ወገቧ ላይ ገመድ አስራ ወረደች። ኦፕሬተሮቹ ጫፉን ይዘው ቆሙ። ውሻውን በእግሩ ጎትታ፣ ፍራሹን በቢላ ቆራርጣ ወንፊቱን ከፈተችው። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው ውስጥ እሷ ስትናገር ሌላ ሰው ዝም ይል ነበር።

ኃላፊው ጡረታ ሲወጡ ቦታው በማስታወቂያ ወጣ። ማስተዋል ተመዘገበች። ከመሥመር ዝርጋታ ክፍል ደግሞ ቢተው አሻግሬ የሚባል ሰው ተመዘገበ። ቢተው ጨዋና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ይህን ደብቄ ታሪኩን ማጣፈጥ አልፈልግም። ማስተዋል በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ መግፋት ጀምሯል። ባሏ ሌላ ከተማ የሚያስተምር ስለሆነ የምትኖረው ብቻዋን ነው።

በቃል ፈተናው ላይ የሆነውን ራሷ ነግራኛለች። የአየር መንፊያው ቢቆም ምን ታደርጊያለሽ ብለው ጠየቋት። ስለ ዝቃጩ ጠየቋት፤ ስለ ሽታው፣ ስለ ታች ሰፈር ሰዎች አቤቱታም ጠየቋት። ሁሉንም መለሰች። ትሪው ሞላ። አቶ ልዑልሰገድ ምራቃቸውን ሲውጡ አይታለች፤ ቁርስ ያልበሉ መስሏት ነበር። በመጨረሻ ስትወልድ ጣቢያውን ማን ሊጠብቀው እንደሆነ ጠየቋት። የቀድሞው ኃላፊ ሐሞታቸውን ሲታከሙ ማን ጠበቀው ስትል መልሳ ጠየቀቻቸው። ማን ነበር የጠበቀው አሉ። እኔ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ ምክትሌ ይጠብቀዋል አለች። ይህ መልስ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ከሌሎቹ ይልቅ ትልቅ ነበር። አቶ ጥጋቡ መጀመሪያ ያነሡት እሱን ነው።

ውጤቱ ሲታይ ማስተዋል በጽሑፍ አንደኛ፣ በቃል መጨረሻ ሆነች። ሁለቱ ሲደመሩ ቢተው በጥቂት በለጣት። እዚህ ላይ ሕጉ መጣ። ሕጉ ለሴት ተወዳዳሪ ሦስት ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል፤ ሦስቱ ከተጨመሩላት ደግሞ ቢተውን ትበልጠዋለች። አቶ ልዑልሰገድ ሕግ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። አንድ ሰሐን አስመጡና ሁለት ጣታቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ከተቱ። መጀመሪያ ሚጥሚጣና ውኃ ወጣ። ከዚያ ሦስት ነጥብ ወጣ። አንዱ ተነክሷል፤ ሁለቱ ሙሉ ናቸው። ወይዘሮ ዐይናዲስ በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ማስተዋል ይዘው መጡ። እኔም እዚያው ቢሮ ውስጥ ነበርኩ።

"እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። መንግሥት አስቦልሻል" አሏት።

ማስተዋል ሰሐኑን ስታይ ቆየች። "እነዚህ እኮ የኔ ናቸው" አለች።

"አዎ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ናቸው።"

ደንቡ በተጨማሪ ነጥብ የተሾመ ሰው ነጥቡን በሚታይ ቦታ ይያዝ ይላል፤ ሹመቱ ሕጋዊ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። የሰው ሀብት ክፍል ሦስቱን በላስቲክ አሽጎ እንደ መታወቂያ በገመድ አንገቷ ላይ አንጠለጠለው። ነጥቦቹ አይደርቁም። ላስቲኩ በስተታች በኩል ያለቅሳል፤ የሸሚዟ ደረት ላይ ክብ እርጥበት አይጠፋም።

የጣቢያችን ሽታ የታወቀ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ጥቂት ቀን ይቸገራል፤ ከዚያ አፍንጫው ይተወዋል። ይህኛው ሽታ የሚተው ዓይነት አልነበረም። የሰው ሆድ ገብቶ የወጣ ነገር ሽታ ነው፤ ሚጥሚጣ አለበት፤ የአቶ ልዑልሰገድ የጠዋት ቡናም አለበት። ገመዷን ይዘው የነበሩት ኦፕሬተሮች አሁን ስታልፍ ወደ ግድግዳው ይጠጋሉ። ስሟን ትተው "ባለ ሦስት" ይሏት ጀመር። አንድ ቀን ፓምፑን አጥፋ ብትለው አንደኛው፣ የምታዢው አንቺ ነሽ ወይስ ነጥቡ አላት። ትእዛዙን በዚያው ድምፅ ደገመችለት። ሰውየው ፓምፑን አጠፋው፤ ግን አፍንጫውን ይዞ ነው ያጠፋው፤ ሌሎቹም ሳቁ።

እሷም ታቅለሸልሽ ነበር። እርግዝናው ይሁን ሽታው መለየት አይቻልም። ጠዋት ጠዋት ላቦራቶሪዬ ትመጣና ባልዲው ላይ ታጎነብሳለች፤ እኔ ጀርባዋን እይዛለሁ። አጎንብሳ ሳለች ላስቲኩ አገጯን ይነካታል። አንድ ጠዋት መታገሥ አልቻልኩም፤ ይህን ነገር አውጥተሽ ቅበሪው አልኳት።

"ከቀበርኩት ሹመቱ ይወድቃል፤ ከያዝኩት ሰው ይሸሸኛል። ሁለቱንም አስቤዋለሁ እትዬ ስንዱ" አለች።

"እና ምን ይሻላል?"

አፏን ታጠበችና በመስኮቱ ወደ ገንዳዎቹ ተመለከተች። "ክረምት ሲመጣ ያ ወንፊት በማን እጅ እንዲሆን ይፈልጋሉ?"

ፎጣ ሰጠኋት።

ቢተው ለአስተዳደር ፍርድ ቤቱ አቤቱታ አስገባ። አቤቱታው በእሷ ላይ ሳይሆን በነጥቡ ላይ ነው፤ ሰው በፆታው ብቻ ነጥብ ሊሰጠው አይገባም፣ ይህ ሕገ ወጥ ነው የሚል። ከማስገባቱ በፊት ግን ጣቢያው ድረስ መጥቶ ነግሯታል። ገንዳው ጫፍ ላይ ቆመው ነበር። እኔ ናሙና እየቀዳሁ ነው።

ካንቺ ጋር ጠብ የለኝም፤ በመርሕ ነው አላት። ገባኝ አለችው። ከዚያ ማስተዋል፣ "ያንተን የቃል ነጥብ በሉት እንዴ?" ብላ ጠየቀችው።

"የኔን አልበሉም።"

"የኔን ሲበሉ አይተሃል?"

ቢተው ጫማውን አየ። "ሳልፍ በሩ ክፍት ነበር። ግን የምሳ ሰዓት ነው፤ የሰው ምሳ አላይም" አለ።

እሱም ሲሄድ ትንፋሹን ይዞ እንደነበር ያወቅኩት በሩ ጋ ደርሶ በረዥሙ ሲተነፍስ ነው።

ክርክሩ የተሰማው መጋቢት ውስጥ ነው። ማስተዋል ሆዷ ከብዷት ስለነበር አብሬያት ሄድኩ። ችሎቱ ጠባብ ነው፤ መስኮቶቹ አይከፈቱም። የላስቲኩ ሽታ ገና ሳንቀመጥ ቦታውን ሞላው። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉትና ጉዳዩን አስነበቡ።

መጀመሪያ ቢተው ተናገረ። ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው አለ። ወንድ ሆኜ መወለዴ ጥፋት አይደለም፤ ሚዛን ላይ ጣት ካረፈበት፣ ጣቱ የደግ ሰው ቢሆንም፣ ሚዛኑ ሚዛን አይደለም አለ። በደንብ ተናገረ። ዳኛዋ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱን ወክለው አቶ ልዑልሰገድ ተነሡ። ሴቶች በዚህች አገር በበታችነት ሲታዩ መኖራቸውን ተናገሩ። ከኋላ የተነሣንና ከፊት የተነሣን ሰው እኩል ሩጡ ማለት እኩልነት እንዳልሆነ፣ ሕገ መንግሥቱም ይህ የቆየ በደል በተጨማሪ ድጋፍ እንዲታረም እንደሚፈቅድ አስረዱ። ድጋፉ ወንድን ለመጉዳት አይደለም፤ የዘነበለውን ለማቃናት ነው አሉ። አንድም የተሳሳተ ቃል አልነበረበትም። ስለ ሴቶች እንደዚያ አምሮ ሲነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ሲናገሩ ከንፈራቸው በቅባት ያበራል። የአፋቸው ጥግ ላይ ነጭ ነገር ተጠራቅሞ ከቃሉ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይሳባል። እጄን አፌ ላይ አደረግኩ።

የታሪክ በደል የሚለው ላይ ሲደርሱ ሆዳቸው መናገር ጀመረ።

ድምፁ የማስተዋል ነው። "የአየር መንፊያው ከቆመ፣ መጀመሪያ የሚገባውን ፍሳሽ ወደ መጠባበቂያው ገንዳ መመለስ ነው" አለ ሆዱ። አቶ ልዑልሰገድ እጃቸውን ቀበቷቸው ላይ አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ሆዱም ከፍ አደረገ። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር የአቶ ጥጋቡ ሆድ ተቀበለና፣ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ደግሞ ምክትሌ ይጠብቀዋል አለ። ከወይዘሮ ዐይናዲስ በኩል ቃል የሌለው ቀጭን እንጉርጉሮ ብቻ ተሰማ። ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ እኔ መረቁን ብቻ ነው የቀመስኩት አሉኝ።

ማስተዋል አጠገቤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጥ ነበር። ከንፈሯ ከድምፁ ጋር ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

ዳኛዋ የሚናገረው ማን እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ልዑልሰገድ፣ ምግብ አልፈጭ ብሎኝ ነው ክብርት ሆይ ብለው አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጡ። ሆዱ ውስጥ የመንቦጫቦጭ ድምፅ ተሰማና ጸጥ አለ። ዳኛዋ ድምፁ ከክርክሩ ጋር አይያያዝም ብለው አስመዘገቡ። ከዚያ ማስተዋልን የምትለው እንዳላት ጠየቋት።

ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች።

"ሦስቱ ነጥብ ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለውን ለመከራከር አልመጣሁም። ሕጉን እናንተ ታውቁታላችሁ" አለች። "የተበላው ይመለስልኝ። እሱ ከተመለሰ ሦስቱን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቼ እሄዳለሁ። አያስፈልጉኝም።"

"ስለ ተበላው የቀረበ አቤቱታ የለም" አሉ ዳኛዋ።

"አሁን አቀረብኩ።"

"ጊዜው አልፏል። እንደ ተበላ ማመልከት ነበረብዎት።"

"ሲበላ አላየሁም።"

ዳኛዋ ወረቀታቸውን ገለጡ። "በሩ ክፍት ነበር ተብሏል" አሉ።

ማስተዋል ተቀመጠች። እጇን ያዝኩት፤ በላብ ርሷል። ዳኛዋ ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ ያልተዋጠላቸው ይመስል ወደ አቶ ልዑልሰገድ ዞሩ። እነዚህን ሦስት ነጥቦች ከየት እንዳመጡ ጠየቋቸው።

"ከሆዴ ነው ክብርት ሆይ። ሕጉ ስጡ ይላል እንጂ ከየት ስጡ አይልም" አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

ዳኛዋ የሕግ መጽሐፉን ከፍተው ረዘም ላለ ጊዜ አነበቡ። ገጹን አገላብጠው ከኋላውም አዩ። ከዚያ፣ እውነት ነው፤ አይልም አሉ።

ውሳኔው ያኔውኑ ተነገረ። ለሴት ተወዳዳሪ ተጨማሪ ነጥብ መስጠት የቆየ ልዩነትን ለማረም የተፈቀደ ድጋፍ ነው፤ እኩልነትን አይጥስም፤ የአቤት ባዩ ክርክር ውድቅ ሆኗል። ሦስቱም ነጥቦች ሕጋዊ ናቸው። ሰው ሁሉ ተነሣ። አቶ ልዑልሰገድ አጨበጨቡና እጃቸውን ዘርግተው ወደ ማስተዋል መጡ። አሸነፍን ብለው አቀፏት። አቅፈዋት ሳለ ፊቷ ላይ አገሡ። ዐይኗን ጨፈነች። በግሣቱ ውስጥ የራሷን አንድ ቃል ሰማሁ፤ "ዝቃጭ" የሚለውን።

ወደ ውጭ ወጣን። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ የጽድ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ የድንጋይ መቀመጫ ተሠርቷል። ማስተዋል እዚያ ተቀመጠችና ገመዱን ከአንገቷ አወጣች። ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ቢተው ከኋላችን ወጥቶ ነበር፤ ምናልባት ሊጨብጣት ነው የመጣው። ሽታው ሲመታው ቆመ።

የተነከሰውን አስቀድማ አፏ ውስጥ አደረገችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አላት ቢተው።

አላምጣ ዋጠችው። "የኔን እየበላሁ ነው" አለች።

ሁለተኛውን ስትውጥ ዐይኗ እንባ አቀረረ፤ ጉሮሮዋ ተመልሶ ሊያወጣው ሲታገል በቆዳዋ ላይ ይታይ ነበር። አንገቷን ቀና አድርጋ ያዘችው። ሦስተኛውን በእጇ እንደያዘች ትንሽ ዐረፈች። ከጣቶቿ መሃል ያ እርጥበት ወደ ክንዷ ይወርዳል፤ ዝንብ መጣበት፤ ዝንቡን እፍ ብላ አባረረችና ነጥቡን ዋጠችው። ቢተው ወደ ግንቡ ዞረና አስመለሰው። አጎንብሶ ለብዙ ጊዜ አስመለሰው፤ ከእሱ ግን ምሳው ብቻ ነው የወጣው። የውኃ ጠርሙሴን ለሁለቱም አቀበልኳቸው። ማስተዋል ጠጥታ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ልጁ እየተራገጠ ነው አለችኝ። ከዚያም፣ የሚያስጠላው ሚጥሚጣው ነው፤ ሌላው ችግር የለውም አለች።

የሰው ሀብት ክፍል ነጥቡ በአንገቷ ላይ የሌለበትን ምክንያት እንድታስረዳ ጠየቃት። ፍርድ ቤቱ ነጥቡ ሕጋዊ ነው አለ እንጂ የት ይቀመጥ አላለም ብላ መለሰች። አቶ ጥጋቡ ውሳኔውን ደጋግመው አነበቡት። እውነትም አይልም። ጉዳዩ እዚያ ላይ ቆመ።

ሽታው ጠፋ። ማስተዋል እንደማንኛችንም ፍሳሽ ፍሳሽ መሽተት ጀመረች፤ እኛ ደግሞ ያንን አናሸተውም። ኦፕሬተሮቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። አንድ ቀን ግን ከገንዳው አጠገብ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ወንበር ተቀምጦ አየሁ፤ እሷ እስክትመጣ ማንም አይቀመጥበትም። የምክትሉ ቦታ ሲወጣ ቢተው ተመዘገበና ተመረጠ። ማስተዋል ያን ጊዜ የምትወልድበት ወር ደርሶ ነበር። ሥራ ትችላለህ፤ ወንፊቱን ግን በየቀኑ እየሄድክ በዐይንህ እየው፣ በስልክ አትመነው አለችው። በዐይኔ አየዋለሁ አላት። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያን ቀን ምሳቸውን ማየት ነበረብኝ አለ። እሷ የቁልፉን ዘለላ ሰጠችው።

ግንቦት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ሕጉ የሚፈቅድላትን ዕረፍት ወሰደች። ክረምቱ ገባ፤ ቢተው ጣቢያውን ጠበቀው። ታች ሰፈር የገባ ነገር የለም።

አቶ ልዑልሰገድ በዚያ ዓመት ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወሩ። ያዛወራቸው ሆዳቸው ነው። ስብሰባ ላይ ስለ ፍሳሽ ጥያቄ ሲነሣ አፋቸውን ገጥመው፣ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ከጠረጴዛው በታች የማስተዋል ድምፅ ይመልሳል። ሰዎች ይጽፋሉ። እኚህ ሰው የማያውቁት የለም ይባባላሉ። ድምፁ የሴት መሆኑን ያነሣ ሰው አልሰማሁም። ሆዱ ቀስ በቀስ እየገፋ ስለሄደ ሱሪያቸውን በማንጠልጠያ ያስሩታል። አንዳንድ ጊዜ ንግግሩ ሲያምር ከእምብርታቸው በኩል ሸሚዙ ላይ እርጥበት ይወጣል፤ ጸሐፊያቸው በመሐረብ ትጠርግላቸዋለች።

በቀጣዩ ዓመት የሴቶች ቀን ሲከበር ለሴቶች ባደረጉት ድጋፍ ተሸለሙ። የከተማው ሬዲዮ በቀጥታ ያስተላልፈው ነበር። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ነን፤ ማስተዋል ልጇን ታጠባለች። አዳራሹ ሲያጨበጭብ ሰማን፤ ከዚያ ከሬዲዮው ውስጥ የራሷ ድምፅ ስለ ዝቃጭ አወጋገድ ማብራራት ጀመረ። ልጅቷ ጡቱን ለቃ ወደ ሬዲዮው ዞረች። ላጠፋው ተነሣሁ። ማስተዋል ይተዉት ብላ በእጇ ከለከለችኝና እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"እዚህ ጋ አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ" አለች። ልጇን ወደ ሌላኛው ጡት አዛወረቻት።

ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ብዙ ቦታ በአንድ ላይ ወጣ። ማስታወቂያው ሴቶች ይበረታታሉ ይላል። ከወትሮው ይልቅ ብዙ ሴቶች መጡ፤ ከከተማውም ከገጠር ወረዳዎችም። ሰው ስላነሰ ስም እንድጠራ እኔን መደቡኝ። ኮሚቴው በአዲስ ሰብሳቢ ተቀምጧል።

የመጀመሪያዋን ጠራሁ። ሹሩባ የተሠራች ወጣት ናት። ገብታ ተቀመጠች። ሰብሳቢው ጠየቋት። አፏን አልከፈተችም። ጉንጯ ግን ሞላ፤ ነጥቡ ጠረጴዛው ላይ ሳይወድቅ አፏ ውስጥ ቀረ። ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቋት፤ ጉንጯ ይበልጥ ሞላ፤ ከውስጥ አንድ ነገር ቆዳውን ይገፋ ነበር። ሦስቱን የኮሚቴ አባላት እያፈራረቀች እያየች ቀስ ብላ ታላምጥ ጀመር። ከንፈሯ ጥግ ላይ አንዲት ቀይ ጠብታ ወጣች፤ በምላሷ መለሰቻት። ዋጠች። ተነሥታ ወጣች። ሰብሳቢው ሳይወድዱ ዜሮ ጻፉ።

ሁለተኛዋም እንዲሁ አደረገች። ሦስተኛዋም። የሚቀጥለውን ስም ይዤ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ሴቶቹ በግድግዳው ርዝመት በተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ላይ፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጥያቄ ገና አልተጠየቁም። ጉንጫቸው ሞልቷል። ሁሉም ወደ ፊት ያያሉ፤ መንጋጋቸው አንድ ላይ ይወጣል፣ አንድ ላይ ይወርዳል። ሌላ ድምፅ የለም። ስም ጠራሁ፤ ማንም አልተነሣም። እንደገና ጠራሁ። የመስኮቱ መስተዋት ከማላመጣቸው ጋር ቀስ እያለ ይርገበገባል።